ኪኒኑ በደም ውስጥ ስንት ደርሷል? ለሀዋሳ ልጆች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የሀዋሳ ልጆች፣ በከተማውም በውጭም ያላችሁ! ከታቦር ግርጌ እስከ አላሙራ የምንኖር፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ቤተሰቦች ነን። የምንለምነው ለአንድ የደም ምርመራ ነው። ሕመምተኞቻችን በየቀኑ የሚውጡት መድኃኒት በደማቸው ውስጥ ስንት እንደደረሰ ይለካላቸው።

ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ኪኒን በእኩል መጠን ቢወስዱም፣ በደማቸው ውስጥ የሚገኘው እኩል ላይሆን ይችላል። አንዱ ያንሰውና ሕመሙ ይጥለዋል። ሌላው ይበዛበታል። ሲራመድ ይንገዳገዳል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ትምህርት ቤት ያንቀላፋል። ቤተሰብም "መድኃኒቱ አልተስማማትም" ይልና ያስቆማል። በድንገት ማቆም ደግሞ አደገኛ ነው፤ አልቆም ብሎ ሕይወት እስከማሳጣት የሚደርስ ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል። ጠበል የምትሄዱ ወገኖቻችን፣ ሂዱ፤ ኪኒኑን ግን ይዛችሁ ሂዱ፣ አታቋርጡት።

በተለይ የሚያሳስቡን ፌኒቶይን የሚባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱት ናቸው። ብዙውን ጊዜ በደም ውስጥ እንዲኖር የሚፈለገው መጠን በአንድ ሊትር ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ነው። ጉበት ይህን መድኃኒት የማስወገድ አቅሙ ውስን ስለሆነ፣ አቅሙ ሲያልቅ ነገሩ ጢም ባለ ብርጭቆ ላይ ውኃ እንደመጨመር ይሆናል። ኪኒኑ በትንሹ ከፍ ሲደረግ በደም ውስጥ ያለው በብዙ ይጨምራል። ሕመምተኛውን ዓይቶ ብቻ ይህን መገመት ለሐኪምም ከባድ ነው። ነፍሰ ጡሮችም አሉን፤ በእርግዝና ወቅት የበርካታ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች መጠን በደም ውስጥ ይወርዳል። የቲቢ ሕክምና የጀመሩም አሉ። ሪፋምፒሲን የሚባለው የቲቢ መድኃኒት ካርባማዜፒን የተባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት በደም ውስጥ ያወርዳል፣ ሌላው የቲቢ መድኃኒት አይሶኒያዚድ ደግሞ ፌኒቶይንን ከፍ ሊያደርግ ይችላል።

ሁሉም ይመርመር አላልንም። ሕመሙ የተወው፣ መድኃኒቱም ያልከበደው ሰው ብዙውን ጊዜ አያስፈልገውም። የምንከፍለው ሐኪም ላዘዘለትና አቅም ለሌለው ነው። ውጤቱንም የሚያነበው ሐኪሙ ነው፤ ቁጥር አይቶ ኪኒን መቀነስም መጨመርም የቤተሰብ ሥራ አይደለም።

ምርመራው የሚሠራልን አዲስ አበባ ነው። መንገዱ ወደ 270 ኪሎ ሜትር ነው። ሕመምተኛን ያን ያህል ከማጉላላት ደሙ ቢሄድ ይሻላል ብለናል። ስለዚህ የምትሰጡት ብር ለምርመራው ክፍያ፣ ለበረዶ ሳጥንና ለመላኪያ ይውላል። ደም የሚቀዳባቸው፣ ውስጣቸው ጄል የሌላቸው ቱቦዎችም እንገዛለን፤ ጄሉ አንዳንዶቹን መድኃኒቶች ስለሚመጥ ውጤቱን ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ይህቺን ነገር ችላ ብለን የሰው ብር ማባከን አንፈልግም።

ብር የሌላችሁም ታግዙናላችሁ። ወደ አዲስ አበባ የምትመላለሱ ሾፌሮች፣ ሳጥኑን አድርሱልን። የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ ጠዋት ደም በመቅዳት ተባበሩን። ገንዘቡ በእድራችን ሒሳብ ይገባል፤ ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይወጣም፤ ደረሰኞቹም በየወሩ በእድሩ ስብሰባ ይነበባሉ። የሒሳብ ቁጥሩን ከእድሩ ገንዘብ ያዥ ውሰዱ።

ለምርመራ የምትመጡ ደግሞ፣ የጠዋቱን ኪኒን ሳትውጡ ኑ። ይዛችሁት ኑና ደሙ እንደተቀዳ እዚያው ዋጡት።