ፀሐይ ምድርን የምትውጠው መቼ ነው? በአንድ ዓረፍተ ነገር የተጨፈለቁ ሦስት ቀጠሮዎች

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ስለ ጠፈር በአማርኛ በተጻፈ ቁጥር የማይጠፋ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ፀሐይ ከ5 ቢሊዮን ዓመት በኋላ ነዳጇ ሲያልቅ አብጣ ምድርን ትውጣለች።» ጨርሶ ሐሰት ነው አይባልም። ነገር ግን ሦስት የተለያዩ ቀጠሮዎችን አንድ ላይ ስለሚጨፈልቅ በሚቀጥለው ጊዜ ታርሞ ቢወጣ መልካም ነው።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ከሁሉም ይቀርባል። የፀሐይ ብርሃን በየቢሊዮን ዓመቱ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የዛሬ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ስትወለድ የምታበራው የአሁኑን 70 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። የሚቀጥለው 10 በመቶ ሲደመርበት እንፋሎት ወደ ላይኛው የከባቢ አየር ክፍል በብዛት መውጣት ይጀምራል። እዚያ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ውኃውን ይሰነጥቀዋል፤ ቀላሉ ሃይድሮጂን ወደ ጠፈር ያመልጣል፤ ያመለጠውም አይመለስም። ውቅያኖስ የሚደርቀው በዚህ መንገድ ነው። እንግዲህ ጭንቀቱ ለሕይወት ከሆነ፣ የሚቆጠረው 1 ቢሊዮን ዓመት ገደማ እንጂ 5 ቢሊዮን አይደለም።

5 ቢሊዮን የሚባለው በፀሐይ እምብርት ያለው ሃይድሮጂን የሚያልቅበት ጊዜ ነው። «ነዳጇ ሲያልቅ ታብጣለች» ሲባል ግን አንባቢ ቢጠይቅ እውነት አለው፦ ነዳጅ ያለቀበት ነገር ይከስማል እንጂ ለምን ያብጣል? ከሰል ምድጃ ላይ መሃሉ አመድ ሆኖ ዳር ዳሩ ሲግም አይተናል። ሃይድሮጂን ሲነድ የሚተወው፣ እምብርቱ ላይ የተጠራቀመው ሂሊየም እንደዚያ አመድ ነው፣ ገና አይነድም። ከአመድ የሚለየው በራሱ ክብደት እየተጨመቀ መሞቁ ነው፤ እሱ በሞቀ መጠን ዙሪያውን የከበበው ሃይድሮጂን ከድሮው ይልቅ በብርቱ ይነዳል። የውጩ አካል ያን ሁሉ ሙቀት ሲቀበል ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ገጹ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ይቀላል። ቀይ ግዙፍ ኮከብ ማለት ይኸው ነው።

እብጠቱ ጫፍ የሚደርሰው ግን በሦስተኛው ቀጠሮ፣ ከ7.6 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ክላውስ ፒተር ሽሮደርና ሮበርት ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ስሌት፣ ያኔ የፀሐይ ሬዲየስ (ከመሃሏ እስከ ገጿ ያለው ርቀት) የዛሬውን 256 እጥፍ፣ ማለትም 178 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይሆናል። ምድር ያለችው በ150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ስለሆነ ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። አላለቀም። ፀሐይ እስከዚያ ድረስ ከክብደቷ አንድ ሦስተኛውን በነፋስ መልክ ትበትናለች፤ ስበቷ ሲላላ ምድር ትርቃለች። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ርቀቱ በፀሐይ ክብደት ሲባዛ ውጤቱ ስለማይለወጥ 150ን ለ0.67 ማካፈል ይበቃል፤ 224 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይመጣል። ምድር አመለጠች ማለት ነው።

ችግሩ ጉተታው ነው። ምድር በስበቷ የፀሐይን ገጽ ትንሽ ታሳብጠዋለች፤ ያበጠችው ፀሐይ ደግሞ በራሷ ዛቢያ የምትዞረው እጅግ በዝግታ ስለሆነ እብጠቱ ከምድር ኋላ ይቀራል፤ ኋላ ቀርቶም ምድርን ወደ ኋላ ይጎትታታል። በሁለቱ ሰዎች ስሌት ጉተታው ያሸንፋል፤ ለመትረፍ የዛሬው ምኅዋራችን ቢያንስ በ15 በመቶ መስፋት ነበረበት። ሆኖም መልሱ ፀሐይ ክብደቷን በምን ፍጥነት ትጥላለች በሚለው ላይ ስለሚንጠለጠል፣ «ትውጣለች» ከማለት «ሳትውጣት አትቀርም» ማለቱ ይሻላል። ሜርኩሪና ቬነስ ግን የሚተርፉበት መንገድ አይታይም።

ሌላ ቦታ የሆነውን ማየት ይቻላል። ሃላ የተባለችው ፕላኔት ቤክዱ የተባለውን ቀይ ግዙፍ ኮከብ በ93 ቀን ትዞራለች፤ ስማቸው ከሁለት የኮሪያ ተራሮች የተወሰደ ነው። ሃይድሮጂን ብቻ የሚያነድና ሂሊየም ማንደድ የጀመረ ግዙፍ ኮከብ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ የሚለያቸው የውስጥ ንዝረታቸው ነው። ቴስ የተባለችው የጠፈር ቴሌስኮፕ የለካችው ንዝረት፣ ቤክዱ ሂሊየም እንደሚያነድ አሳየ። ይህ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2023 ሲታተም እንቆቅልሽ ይዞ መጣ፤ እንዲህ ያለ ኮከብ ቀድሞ አብጦ ሃላ ካለችበት አልፎ መሄድ ነበረበት። ከተሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ ቤክዱ የሁለት ኮከቦች ውሕደት ስለሆነ እስከዚያ ድረስ አላበጠም የሚል ነው።

ሃላ ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ አንድ ኮከብ በሰጠበት የስም ውድድር ነው። የኢትዮጵያ ድርሻ የሆነው ኮከብ ቡና፣ ፕላኔቱ ደግሞ አቦል ተብሏል። (ሁለተኛና ሦስተኛ ፕላኔት ቢገኝ ቶናና በረካ ቢባሉ ያምርባቸዋል።) ቡና ከፀሐይ 1.3 እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ ነዳጁን ቶሎ ይጨርሳል፤ አሁንም እያረጀ ነው። አቦል ከጁፒተር ከ4 እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ በ990 ቀን ገደማ አንድ ዙር ይጨርሳል። ምኅዋሩ እጅግ ሞላላ ስለሆነ አንዴ ከምድርና ከፀሐይ ርቀት ባነሰ ይቀርባል፣ አንዴ ከሦስት እጥፍ በላይ ይርቃል። ከባድ ፕላኔት የሚያስነሳው እብጠት ትልቅ ነው፤ ጉተታውም በቅርበት እጅግ ይበረታል። ኮከቡ ሲያብጥ የአቦል ዕጣ የሚወሰነው በዚያች ቅርብ ጫፍ ላይ ነው።

ቡናን ማየት ለሚፈልግ፦ በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ፊትን ወደ ሰሜን አዙሮ አልማክና አልጎል የተባሉትን ኮከቦች መፈለግ ነው። በመካከላቸው፣ እኩሌታው ላይ፣ ሜሲየ 34 የተባለ የኮከቦች ክምችት በባይኖኩላር ይታያል፤ ቡና ከእሱ አጠገብ በአንድ ዲግሪ ገደማ ርቀት ላይ ነው። በባዶ ዓይን ለማየት ይደበዝዛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሥነ ፈለክ ነገር የሚከታተሉ አንባቢ