ክራር ለመማር ላሰባችሁ ደንበኞቻችን፦ ከመሸጥ በፊት ማከራየትን ስለመረጥንበት ምክንያት

ደሴ፣ ሰኔ 2017 ዓ.ም.

ለክቡራን ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ ለአዋቂ ጀማሪዎች ክራር በቅድሚያ በኪራይ ስለመስጠታችን

የሙዚቃ መሣሪያ በመሸጥ፣ በመጠገንና በማስተማር ለምንሰጠው አገልግሎት ስላሳያችሁን እምነት ከልብ እያመሰገንን፣ ከመጪው ሐምሌ ወር ጀምሮ በአሠራራችን ላይ የምናደርገውን አንድ ለውጥ ከነምክንያቱ ለመግለጽ ይህን ደብዳቤ ጽፈናል። ከእንግዲህ ክራር ለመጀመሪያ ጊዜ ለመማር ለሚመጣ አዋቂ ሰው በመጣበት ዕለት ክራር አንሸጥም። በቅድሚያ ለሁለት ወር እናከራየዋለን፤ ሁለቱን ወር ተምሮ ሲጨርስ ከፈለገ ያንኑ ክራር ወይም ሌላ መርጦ ይገዛል፤ የከፈለውም ኪራይ ከዋጋው ላይ ይቀነስለታል። አንዳንዶቻችሁ «ገንዘቤን ይዤ ከመጣሁ ለምን አልገዛም?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ጥያቄው ተገቢ በመሆኑ መልሱን ዘርዘር አድርገን ማቅረብ ይገባናል።

ወደ እኛ ከሚመጡት አዋቂዎች ውስጥ ብዙዎቹ መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ የባንክና የጤና ባለሙያዎች እንዲሁም የፋብሪካ ፈረቃቸውን ጨርሰው ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት የሚወጡ ሠራተኞች ናቸው። አብዛኞቹ ገና ከመቀመጣቸው የሚጠይቁን ዕድሜያቸው እንዳላለፈ ነው። አላለፈም። የልጅ ጣት ቶሎ መታዘዙ እውነት ቢሆንም፣ በዚህ አገር ያደገ አዋቂ ልጅ የሌለውን ነገር ይዞ ይመጣል፤ ይኸውም ቅኝትን፣ ማለትም ዜማ የሚሠራባቸውን ድምፆች አደራደር፣ ለብዙ ዓመታት ሲሰማ የኖረ ጆሮ ነው። መንዙማ ሲባል እያዳመጠ፣ በሰርግ ቤት እያጨበጨበ፣ የማሪቱ ለገሰን አምባሰል በሬዲዮ እየሰማ ያደገ ሰው አንድ ድምፅ ከቦታው ሲወጣ የድምፁን ስም ባያውቅም ቅር ይለዋል። አምባሰልና ባቲ በስማቸው ቅኝት የተጠራባቸው ቦታዎች የእኛው ጎረቤቶች ናቸው፤ ስለዚህ ጆሮው ከባዶ የሚጀምር ተማሪ እዚህ ገጥሞን አያውቅም ብንል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ ሰዎች ለምን ያቋርጣሉ? ለጥገና የሚመጡልንን ክራሮች ስናይ የደረስንበት መልስ አንድ ነው፤ ክራሩ ቅኝቱን ስለሚለቅና ባለቤቱ መልሶ መቃኘት ስለማይችል ነው። ይህን በቅርብ ያየንበትን አንድ ጉዳይ እንጥቀስ። አንዲት ደንበኛችን ክራራቸውን በነጠላ ጠቅልለው አምጥተው፣ እጃቸው አልታዘዝ ስላላቸው እንድንሸጥላቸው ጠየቁን። ክራሩን ተቀብለን ክሮቹን አንድ በአንድ ስንነካቸው ሁለቱ በጣም ረግበው ነበር፤ ብርኩማውም፣ ማለትም ቆዳው ላይ ቆሞ ክሮቹን የሚደግፈው ነገር፣ ከመሃል ወደ ጎን ተንሸራቶ፣ አንደኛው እግሩ ቆዳውን አጎድጉዶት ነበር። ብርኩማውን ወደ ቦታው መልሰን፣ ክሮቹን «ሙሉ ትዝታ» በሚባለው ቅኝት ቃኝተን መልሰን ስንሰጣቸው፣ እኒያ አልታዘዝ ያሉ ጣቶች የተማሩትን ሁሉ ያለ ስህተት ተጫወቱት። እኒህ ሴት ለወራት ራሳቸውን ሲወቅሱ የኖሩት መሣሪያው ባጠፋው ነበር። ይህ ዓይነቱ ነገር በጣም ያሳዝነናል፤ ምክንያቱም ከጥቂት ደቂቃ ሥራ በላይ የማይጠይቅ ነው።

ክራር ቅኝቱን የሚለቀው ስለተበላሸ አይደለም። ድምፁ የሚወጣው በገበቴው አፍ ላይ ከተወጠረ ቆዳ ነው፤ ክሮቹም በዚህ ቆዳ ላይ በቆመው ብርኩማ በኩል አልፈው ከላይ በቀንበሩ ላይ ይታሰራሉ። ቆዳ እርጥበት ሲያገኝ ይረግባል፤ በረገበ ጊዜ ብርኩማው ዝቅ ስለሚል ክሮቹም አብረው ይላላሉ፤ ሲደርቅና ሲሞቅ ደግሞ ይወጠርና ድምፁን ከፍ ያደርገዋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። በጠዋት በጦሳ ተራራ ሥር በጉም ውስጥ የተቃኘ ክራር ከቀትር በኋላ ኮምቦልቻ ሲደርስ ሌላ ድምፅ ቢሰጥ ሊያስገርመን አይገባም። በሐምሌና በነሐሴ ከቤት ሳይወጣ እንኳ በየዕለቱ ዝቅ ይላል። በዚህ ላይ አዲስ የናይሎን ክር እስኪለምድ ድረስ ለተወሰኑ ቀናት መሳቡን አያቆምም። አዲስ ክራር ገዝቶ በማግስቱ ቅኝቱ የጠፋበት ጀማሪ «የማይረባ ዕቃ ሸጡልኝ» ወይም «እኔ አልችልም» ብሎ ቢያስብ ምን ይፈረድበታል?

ስለዚህ የመጀመሪያው ወር ትምህርታችን መቃኘት ሆኗል። የምናከራያቸው ክራሮች ክራቸው የለመደ፣ ቆዳቸውም የተረጋጋ ስለሆነ ተማሪው ከአዲስ መሣሪያ ጠባይ ጋር ሳይታገል ጆሮውን ያሠለጥናል። ባለ ስድስት ክር ክራር ላይ በመጀመሪያ ዝቅተኛውን ክር ለራሱ ድምፅ በሚመች ከፍታ ላይ ያደርጋል፤ ክራር ዘፋኙን ተከትሎ የሚቃኝ እንጂ ዘፋኙ ተከትሎት የሚጨነቅ መሣሪያ አይደለም። ከዚያ ከፍተኛውን ክር ከዝቅተኛው ጋር አንድ ዓይነት ድምፅ፣ ግን በአንድ ኦክታቭ (ያው ድምፅ ቀጥኖ በሚደገምበት ርቀት) ከፍ ብሎ እንዲሰጥ ያደርገዋል። ቀጥሎ ከቅኝቱ አምስት ድምፆች አራተኛውን፣ ማለትም ሶልን ያገኛል፤ ይህ ድምፅ ከመነሻው ጋር ሲስማማ ጆሮ ወዲያው ስለሚያውቀው ለቀሩት ሦስቱ መደገፊያ ይሆናል። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ሲሟሉ ሙሉ ትዝታ ተቃኘ ማለት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ድምፅ በግማሽ ድምፅ ሲያወርዳቸው ግማሽ ትዝታ ይሆናል፤ ሁለት ክር ብቻ በትንሹ ላልቶ የዜማው ስሜት በአንዴ ሲለወጥ ተማሪዎቻችን ፊት ላይ የምናየው ደስታ ይህን ሥራ ከምንወድባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ነው። ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የተባሉት ቅኝቶች በሁለተኛው ወር ይቀጥላሉ። በስልክ የሚጫን ቱነር (የክሩን ከፍታ የሚያሳይ መተግበሪያ) መጠቀምን አንከለክልም፤ ነገር ግን ለማረጋገጫ ይሁን እንጂ ጆሮን የሚተካ አይሁን።

የእጅ ሥራው ከዚህ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። በድርደራ፣ ማለትም ክሮቹን አንድ በአንድ በጣት እየነኩ በመጫወት፣ እያንዳንዱ የግራ እጅ ጣት የራሱ ክር ስላለው ጀማሪ ዜማውን ነጥሎ ለመስማት ይቀለዋል፤ በግርፍ ግን ቀኝ እጅ ሁሉንም ክር ሲመታ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች አፍነው የሚፈለገውን ብቻ መልቀቅ አለባቸው፤ ይህም ጊዜ ይጠይቃል። በድርደራ መጀመር ይሻላል የሚል አቋም አለን። የልምምዱን ነገር በተመለከተ፣ እሑድ ከሰዓትን ሙሉ ከመቀመጥ ይልቅ በየቀኑ ሩብ ሰዓት መያዝ እጅግ ይበልጣል፤ እጅ የተማረውን የሚያጸናው በመካከሉ ዕረፍትና እንቅልፍ ሲያገኝ ነው። ከዚያም ከሩብ ሰዓቱ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ለመቃኘት ስጡ። ጎረቤት ይሰማል ብላችሁ ለምትሳቀቁ፣ ክራር ያለ ማጉያ በዝቅተኛ ድምፅ ሊደረደር የሚችል መሣሪያ መሆኑን እናስታውሳለን።

ማሲንቆ ወይም ዋሽንት የምትፈልጉ ደንበኞቻችን በቀጥታ መግዛት ትችላላችሁ። ዋሽንት ድምፁ በሸምበቆው ርዝመትና በቀዳዳዎቹ የተወሰነ ስለሆነ የሚቃኝ ነገር የለውም፤ በሌላ ከፍታ ለመጫወት ሌላ ዋሽንት ማንሣት ነው። ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ክር ብቻ ቢኖረውም ድምፁን በሙሉ የሚፈልገው ጣትና ጆሮ በመሆኑ፣ ከዚህ በፊት ምንም ላልተጫወተ አዋቂ የመጀመሪያ መሣሪያ እንዲሆን አንመክርም። ባለ አሥር አውታሩ በገና የጸሎት መሣሪያ ስለሆነ እርሱን ለመማር ለሚጠይቁን የቤተ ክርስቲያን መምህራንን እንዲያነጋግሩ እንነግራቸዋለን።

ክረምት ስለገባ ክራር በቤታችሁ ላላችሁ ሁሉ አንድ አደራ አለን። ቆዳው ሲረግብ እንደ ከበሮ በከሰል ምድጃ ላይ አታሙቁት። የከበሮ ቆዳ የሚቋቋመውን ሙቀት የክራር ስስ ቆዳ አይችለውም፤ በስፌቱ ወይም በተጣበቀበት በኩል ይከፈታል። በብርድ በሚረጥብ የውጭ ግድግዳ ላይ ወይም ቡና በሚፈላበትና ወጥ በሚሠራበት አጠገብ አትስቀሉት፤ በውስጠኛ ግድግዳ ላይ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ በደረቅ ጨርቅ ሸፍናችሁ አስቀምጡት። ለረጅም ጊዜ የማትጫወቱበት ከሆነ ክሮቹን በመጠኑ አላሏቸው እንጂ ፈጽማችሁ አትፍቷቸው፤ ብርኩማው ከወደቀ ቦታውን መልሶ ማግኘት ለጀማሪ ያስቸግራል።

የኪራይ ውል ለመግባት መታወቂያና የመያዣ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ መያዣው ክራሩ በደህና ሲመለስ ወይም ሲገዛ ይመለሳል። በአጠቃቀም ምክንያት የተበጠሰ ክር በእኛ ወጪ ይቀየራል። ከዚህ በፊት ከእኛ ክራር ገዝታችሁ ያቋረጣችሁም ክራራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ ያለ ክፍያ ቃኝተን፣ መቃኘቱንም አስተምረን እንመልስላችኋለን። የማታ ትምህርቱ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይሰጣል፤ ከኮምቦልቻ ለምትመጡት መመለሻ ትራንስፖርት እንዳይቸግራችሁ ቅዳሜ ከ4 ሰዓት ጀምሮ የተለየ ክፍል ከፍተናል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅና መምህራን