ጅቡን ከመመረዛችን በፊት አጥንቱን እናንሳ

ሰላም ናችሁ የዝግጅት ክፍሎች፣ ከደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ካለ ሰፈር ነው የምጽፍላችሁ። ባለፈው ወር ያባቴን አህያ ጅብ በላው። ዱቄት ከወፍጮ ቤት እያመላለሰ እኛን ያሳደገበት አህያ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ደሞ ጥፋቱ የኛው ነው፣ የጋጣው በር ተገንጥሎ ነገ እንሰራዋለን ነገ እንሰራዋለን እያልን ሳምንት ሙሉ በሽቦ አስረን ስንተኛ ያ ሌሊት ዝናብ ነበርና ውሾቹም አልጮሁም፣ ጠዋት ስንወጣ ጭንቅላቱና ሰኮናው ብቻ ቀርቷል።

ከዛ ሰፈርተኛው ተሰበሰበ (ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሄ ነው) እና አንዱ ተነስቶ ሥጋ ላይ የተባይ መድኃኒት አርገን እንጨርሰው አለ፣ ብዙው ሰውም እሺ አለ። አህያው የሱ የነበረው አባቴ ብቻ ነው ወላሂ አይሆንም ያለው። ከዓመታት በፊት እዚሁ ተሞክሮ ውሻውም ጥንብ አንሳውም ካለቀ በኋላ በሳምንቱ ሌላ ጅብ መጥቶ እንደነበር ያስታውሳላ።

እኔም ነገሩን አንብቤ ገረመኝ። መቀሌ ላይ ተጠንቶ በ2021 እ.ኤ.አ የወጣ ጥናት የከተማዋ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የሥጋ ተረፈ ምርት እንደሚበሉና በዚህም አባሰንጋና የከብት ቲቢን እንደሚቀንሱ ያሳያል፣ ማለትም ደሞዝ የማይጠይቅ ጽዳት ሠራተኛ ነው! ሌላ ጥናት ደሞ እዛው ትግራይ በሁዳዴ ጾም ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ ጅቦቹ አህያ መብላት እንደሚያበዙ ዓይነ ምድራቸው ውስጥ ካለ ፀጉር ለይቷል። እዚህ ደሴ ግን ክርስቲያኑ ሲጾም የሙስሊሙ ሥጋ ቤት ክፍት ነው፣ ያያ ጅቦ ጾም እኛ ጋ ብዙም አይጠናም።

ታዲያ ለምን አህያችንን በላ? እኔ እንደሚመስለኝ ጠርተነው ነው። ሥጋ ቤቶቻችን ማታ ሲዘጉ አጥንቱንና አንጀቱን ቦዩ ውስጥ ይጥሉታል፣ ጅቡ ለሱ ይመጣል፣ ከዛ መንገዱ ላይ በሽቦ የታሰረ በር ያገኛል፣ እሱ ምን ያርግ? ደሞ በሕግ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መግደል ክልክል ነው። ስለ እኛው ወሎ ቦረና ሳይንት ፓርክ ቀይ ቀበሮ ሲወራ ሁላችንም የኛ ናት እያልን እንኮራለን፣ ጅብ ሲሆን ግን ማንም አይቆምለትም፣ መልኩ ይሆን እንጃ።

የኛ ጋጣ አሁን በቆርቆሮና በወፍራም እንጨት ተሰርቷል፣ አባቴም ዕቁብ ሲደርሰው ሌላ አህያ ይገዛል። የሥጋ ቤቱን ባለቤት ሄደን አነጋግረነው አጥንቱን በጋሪ አስነሳለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር፣ ይሄው ሦስት ሳምንት ሆነው እስካሁን አላስነሳም።