ከዘይቱ በፊት አተላው ይጠየቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የተቃጠለ የሞተር ዘይት መልሶ የሚያጣራ ፋብሪካ በባሕር ዳር ዙሪያ ይቋቋም የሚለው ሐሳብ በተነሳ ቁጥር ጨዋታው ስንት ሰው ይቀጥራል፣ ስንት የውጭ ምንዛሪ ያድናል በሚለው ላይ ያልቃል። ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። እኛ ግን ፈቃድ ሰጪውም ነዋሪውም አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ከዘይቱ የሚለየው ውሃ፣ ሸክላና ጥቁር ዝቃጭ የት እንደሚሄድ ነው እንላለን።

ፋብሪካውን አንቃወምም። አሁን ያለው አሠራር በአግባቡ ከሚሠራ ማንኛውም ማጣሪያ የከፋ ነው። አንዲት የቤት መኪና ዘይት ስትቀይር 4 ሊትር ያህል፣ አንድ ሲኖትራክ ደግሞ ከ20 ሊትር በላይ ያወጣል። ይህ ዘይት ከየጋራዡ በጄሪካን ወጥቶ ለምስጥ ተብሎ የአጥር ቋሚ ይቀባበታል፣ የአርማታ ጣውላ ይለቀለቅበታል፣ አቧራ እንዳያስነሳ ደጅ ላይ ይደፋል፤ የተረፈው ቦይ ውስጥ ይገባል። የከተማችን ቦይ መጨረሻው ጣና ወይም ዓባይ ነው። ጣና ደግሞ አማካይ ጥልቀቱ ከ8 እስከ 9 ሜትር፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ዳር ዳሩን ያለው ደንገል የመጣለትን ዘይት ይዞ ያስቀራል፤ የዓሣ ጫጩት የሚያድገውም እዚያው ደንገሉ ሥር ነው። ከሞተር የወጣ ዘይት ውስጥ የብረት ብናኝ፣ ከዘይቱ ቅመም የመጣ ዚንክ፣ ከቃጠሎ የመጡ ካንሰር አምጪ ውህዶች፣ ያልነደደ ቤንዚንና ናፍጣ፣ ውሃም አለ። ይህ ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ቦታ ቢጣራ ደስ ይለናል።

ከሁሉ በፊት ግን የአሲድና የሸክላ ዘዴ የሚባለው ሊፈቀድ አይገባም። ርካሽ በመሆኑ ለጀማሪ ባለሀብት ቶሎ የሚቀርብለት ይኸው ነው። ዘይቱ ላይ ከ8 እስከ 10 በመቶ የሚደርስ ጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ ይጨመራል፤ ቆሻሻው ይዘቅጣል፤ የቀረው በሸክላ ዱቄት እንዲነጣ ይደረጋል። ዘይቱ ያምራል። ከታች የሚቀረው ግን እንደ ሬንጅ የወፈረ፣ አሲድና ከባድ ብረት የተሸከመ፣ የሚያፍን የሰልፈር ጋዝ የሚተንበት፣ በርሜል የሚበላ ዝቃጭ ነው፤ የሚቀበለው ሰውም የለም። አሲዱን በኖራ ገድለን እንቀብረዋለን የሚል ሐሳብ በፋብሪካው የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ውስጥ ከታየ ብረቱና ዘይቱ እዚያው አፈር ውስጥ እንደሚቀሩ መታወቅ አለበት። መፈቀድ ያለበት በቫኪዩም የሚያጣራው ነው፤ አየሩ በፓምፕ ሲሳብ ዘይቱ ሳይቃጠል በዝቅተኛ ሙቀት ይተናል።

ይህኛውም ቢሆን አተላ አለው። በቀን 10,000 ሊትር የሚቀበል ፋብሪካ ዘይቱ 7 በመቶ ውሃ ቢኖረው በቀን 700 ሊትር ቤንዚንና ፌኖል የሚባል መርዛማ ኬሚካል የሚሸት ውሃ ያወጣል። ይህን ውሃ ቦይ ውስጥ ለመልቀቅ ሦስት ክፍል ያለው የዘይት መለያ ገንዳ ብቻውን አይበቃም፤ ገንዳው ተንሳፋፊውን ይይዛል፣ የሟሟውን ያሳልፋል። ወለሉ በኦሞ ከታጠበ ደግሞ ዘይቱ ከውሃው ጋር እንደ ወተት ተዋሕዶ ገንዳውን ሰተት ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ወለል በሰጋቱራ ይጠረግ፤ ሰጋቱራውም ክዳን ባለው የብረት በርሜል ይቀመጥ። በዚህኛው ዘዴም ዘይቱን ለማንጫ ያገለገለው ሸክላ እስከ ክብደቱ ሩብ የሚሆን ዘይት ይዞ ስለሚወጣ፣ ትኩሱን ሜዳ ላይ ከተከመረ ከውስጥ እየጋለ ሄዶ ሊቀጣጠል ይችላል። በጥላ ሥር፣ ከታንከር ርቆ፣ ተከድኖ ይቀዝቅዝ። ለጥቁሩ ዝቃጭ የአስፋልት ሥራ ተቀባይ አለው፤ ተቀባዩ ግን በቃል ሳይሆን በውል መታወቅ አለበት።

ከጋራዥ የሚመጣው ዘይት ሁሉ ዘይት አይደለም። ቲነር፣ የፍሬን ዘይት፣ የትራንስፎርመር ዘይት፣ የወጥ ቤት ዘይት ይቀላቀልበታል። በር ላይ የሚደረጉት ሁለት ፈተናዎች ብዙ ወጪ አይጠይቁም። አንደኛው፣ 160 ዲግሪ በሞቀ ምጣድ ላይ አንድ ጠብታ ማፍሰስ ነው፤ ቸስ ካለ ውሃ አለበት። ሁለተኛው፣ የመዳብ ሽቦ ነበልባሉ ቀለም እስኪያጣ አግሎ፣ ዘይቱ ውስጥ ነክሮ እንደገና ማቃጠል ነው፤ እሳቱ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን ያለው ነገር ተቀላቅሏልና በርሜሉ ለብቻው ተቀምጦ ናሙናው ላቦራቶሪ ይሂድ። ሁለቱም የዓይን መከላከያ ተደርጎ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይሠራሉ። የትራንስፎርመር ዘይት ግን በላቦራቶሪ ሳይረጋገጥ ጨርሶ መግባት የለበትም፤ በአሮጌዎቹ ውስጥ ፒሲቢ የሚባለው መርዝ ሊኖር ይችላል።

ይህ ከተማ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መቀመጡ ለማጣሪያ ሥራ ትልቅ ነገር ነው። ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ወደ 2,000 ሊትር የሚጠጋ እንፋሎት ይሆናል። ታንከሩ ግርጌ ውሃ ተኝቶ ዘይቱ ቢሞቅ፣ ወይም ትኩስ ዘይት ውሃ ወዳለበት ታንከር ቢገለበጥ፣ አረፋው በአፉ ገንፍሎ እሳቱ ላይ ይፈስሳል። መፍትሔው ትዕግሥት ነው፦ ቢያንስ አንድ ቀን ማስረጋት፣ ውሃውን ከግርጌ ማፍሰስ፣ ማሞቂያውን ከሁለት ሦስተኛው በላይ አለመሙላት፣ 90 ዲግሪ ሲደርስ እሳቱን ቀንሶ አረፋው እስኪያልቅ መጠበቅ፣ ከዚያ ወደ 130 መውጣት። ሌላው ጣጣ የቫኪዩም ጌጁ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው ነው። ማኑዋሉ ለባሕር ዳርቻ ተጽፎ 70 ሳንቲ ሜትር ሜርኩሪ አንብብ ይላል፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ራሱ 61 ገደማ ስለሆነ ተራ ጌጅ ከዚያ አያልፍም። ይህን ያላወቀ ኦፕሬተር ፓምፑ ደከመ ብሎ ሙቀት ይጨምራል። ከ340 ዲግሪ ሲያልፍ ዘይቱ ይሰነጣጠቃል፣ ቱቦው ውስጥ ከሰል ይጋገራል፣ ሽታው ሰፈር ያዳርሳል፣ በከሰል የታፈነው ቱቦም ግሎ ይቀደዳል። ስለዚህ ከአየሩ ግፊት ጋር የማያወዳድር፣ ፍጹም ግፊት የሚለካ ጌጅ ይገጠም።

መብራት ሲጠፋስ? ጀነሬተር አለን የሚለው መልስ አያረካም። ጀነሬተሩ እስኪነሳ ፓምፑ ይቆማል፣ ማቀዝቀዣው ይቆማል፣ የምድጃው ጡብ ግን ሙቀቱን ይዞ ዘይቱን ማፍላቱን ይቀጥላል። እዚህ ላይ የሚሠራው ከባዱ ስህተት ቫኪዩሙን ለመልቀቅ ቫልቭ ከፍቶ አየር ማስገባት ነው፤ 300 ዲግሪ ላይ ያለ የዘይት ተን አየር ሲያገኝ ይፈነዳል። የምድጃው ነዳጅ ቫልቭ ኃይል ሲቋረጥ ራሱ የሚዘጋ ይሁን። የማቀዝቀዣ ውሃው ከፍ ካለ ታንከር ያለ ፓምፕ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይውረድ። ቫኪዩሙ እሳት በማያቀጣጥለው በናይትሮጅን ጋዝ ከሲሊንደር ይሞላ፤ ዘይቱ ከ100 ዲግሪ በታች ሳይወርድ ምንም አይከፈት።

ታንከር ቢፈስ ዘይቱን ይዞ እንዲያስቀር ዙሪያውን ስለሚሠራው መከለያ ግንብም አንድ ስሌት እናሳይ። የተለመደው ደንብ ግንቡ የትልቁን ታንከር 110 በመቶ ይያዝ ይላል። 50,000 ሊትር ታንከር ካለ 55,000 ሊትር መሆኑ ነው። ግንቡ 10 በ10 ሜትር ቢሆን 50 ሚሊ ሜትር የጣለ አንድ የሐምሌ ዶፍ 5,000 ሊትር ያስገባል፤ ትርፍ ተብሎ የተተወው ቦታ በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፣ አብዛኛው በክረምት። ውሃው አስቸገረን ተብሎ የማፍሰሻ ቫልቩ ተከፍቶ ይተዋል፤ ያን ጊዜ ግንቡ የለም ማለት ነው። ቫልቩ ከግንቡ ውጭ ተቆልፎ፣ ቁልፉ በአንድ ተጠያቂ ሰው እጅ ሆኖ፣ በተከፈተ ቁጥር በመዝገብ ይጻፍ፤ ውሃውም ወደ መለያው ገንዳ እንጂ ወደ ቦይ አይሂድ። ከሁሉ የሚሻለው ቆርቆሮ ማልበስ ነው። መሬቱ ጥቁር አፈር ከሆነ ደግሞ ተጠርጎ ወጥቶ በገረጋንቲ ይተካ፤ በበጋ እየተሰነጠቀ በክረምት እያበጠ ወለሉን ይተረትረዋል፣ ዘይቱም በስንጥቁ ወርዶ ከሥር ባለው ጥቁር ድንጋይ ስንጥቅ ወደ ጉድጓድ ውሃ ይደርሳል።

ሠራተኛ ታንከር ለማጠብ የሚገባው ታንከሩ ከሁሉም ቱቦ ተነጥሎ፣ አየር ተነፍቶበት፣ ኦክስጅኑ ከ19.5 በመቶ በላይ መሆኑ በመሣሪያ ተለክቶ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝና ተቀጣጣይ ጋዝ አለመኖራቸው ተረጋግጦ፣ ገመድ የያዘ ሰው ደጅ ቆሞ ብቻ ነው። ጓደኛው ወድቆ ሲያይ ዘሎ የሚገባው ሁለተኛው ሰው እዚያው ይቀራል፤ ይህ ለሁሉም ሠራተኛ ከመጀመሪያው ቀን ይነገር። እጅ በቤንዚን መታጠብም ይቅር፤ የቆዳን ቅባት ገፍፎ መርዙን ያስገባል። የሥራ ልብስ ፋብሪካው ውስጥ ይታጠብ እንጂ ልጆች ወዳሉበት ቤት አይሂድ።

ቦታ ሲመረጥ የነፋሱን አመል ማየት ይገባል። ቀን ከሐይቁ ወደ የብስ፣ ሌሊት ከየብስ ወደ ሐይቁ ይነፍሳል፤ ከከተማው በስተደቡብ የተተከለ ፋብሪካ ሽታው ሰው ሲተኛ ይመጣል።

ሕጉ አለ። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ፋብሪካው ከመጀመሩ በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ እንዲጸድቅና ጥናቱ ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንም ሰው የራሱ ጥቅም መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው ብክለት ላይ አቤት እንዲል ይፈቅዳል፤ በ30 ቀን መልስ ካላገኘ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። የዚህ አካባቢ ነዋሪዎች ጥናቱ እንዲነበብላቸው ይጠይቁ። ከዚያም አንድ ነገር እንዲጨመርበት ያስገድዱ፦ ከፋብሪካው በላይ አንድ፣ ከበታቹ ሁለት የመቆጣጠሪያ ጉድጓዶች ይቆፈሩ፤ የመጀመሪያው ናሙና አንድ ሊትር ዘይት እንኳ ግቢው ሳይገባ ይወሰድ፤ ውጤቱም በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ያ ናሙና ከሌለ ከአምስት ዓመት በኋላ ጉድጓድ ውሃ ውስጥ ዘይት ሲገኝ ከፋብሪካው ይሁን ከጋራዡ መለየት አይቻልም።

በፋብሪካ ደኅንነትና በአካባቢ ጥበቃ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች
ከባሕር ዳር