ትልቁን ማሽን ከማዘዛችሁ በፊት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን የሚደርሱን መልእክቶች አንድ ዓይነት ሆነዋል። «የምሠራው የቆዳ ክሬም ውሃና ዘይቱ እየተለያየብኝ ነው፣ ትልቅ ማደባለቂያ አላችሁ?» ይሉናል። ዋጋውን ልከን ዝም ብንል ለእኛም ይቀለን ነበር። ግን ማሽኑ ደርሶ ክሬሙ አሁንም ከተለያየ የምትደውሉት መልሳችሁ ለእኛው ነው። ስለዚህ ቀድመን እንነጋገር።

ውሃና ዘይት በጉልበት አይታረቁም። መሃል የሚገባ ሽማግሌ ይፈልጋሉ፤ እሱም ኢመልሲፋየሩ፣ ማለትም ውሃና ዘይቱን አያይዞ የሚያቆየው ንጥረ ነገር ነው። ማሽኑ ዘይቱን ወደ ደቃቅ ጠብታ ይሰባብራል፣ በቃ። ጠብታዎቹ ተመልሰው እንዳይገናኙ የሚይዛቸው ፎርሙላችሁ ነው። ኢመልሲፋየሩ ካነሰ ወይም ለዘይታችሁ ካልተስማማ፣ የፈለገውን ያህል ፈጣን ማሽን ብታስገቡ ክሬሙ የዛን ቀን ያምርና ሰንበት ሲል ላዩ ላይ ዘይት ያወጣል።

ገንዘባችሁን መጀመሪያ ሚዛን ላይ አውሉት። በማንኪያና በኩባያ መስፈር ለራስ ከሆነ ያስኬዳል፣ ለሽያጭ ግን አይሆንም። ፎርሙላውን ሁሉ በመቶኛ ጻፉና በግራም መዝኑ። 500 ግራም ክሬም ውስጥ 0.8 በመቶ ፕሪዘርቫቲቭ (ክሬሙን ከባክቴሪያና ከሻጋታ የሚጠብቀው) ማለት 4 ግራም ነው። የወጥ ቤት ሚዛን የሚቆጥረው ግራም በግራም ስለሆነ በአንድ ግራም ከተሳሳተባችሁ ሩቡን አጥፍታችኋል ማለት ነው። ቢያንስ 0.1፣ ቢቻል 0.01 ግራም የሚያነብ ይሁን።

ቀጥሎ ቴርሞሜትር። በአብዛኛው የክሬም አሠራር ውሃውም ዘይቱም ለየብቻ ወደ 70 ወይም 75 ዲግሪ ይሞቃሉ፣ ከዚያ ይገናኛሉ። ዘይቱ ሞቆ ውሃው ከቀዘቀዘ ዘይቱ ውስጥ የቀለጠው ሰም እንደተገናኙ ይረጋና ክሬሙ አሸዋ አሸዋ ይላል። ደግሞ ውሃ ሲሞቅ ይተናል። ስለዚህ ዕቃውን ከነውሃው ከማሞቃችሁ በፊትና በኋላ መዝኑት፣ የጎደለውን በሞቀ ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ሙሉ። አንዱ ባች (በአንድ ዙር የተሠራው ክሬም) ወፍራም ሌላው ቀጭን የሚሆንባችሁ ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

እስከ 1 ኪሎ ድረስ ለምትሠሩ ሰዎች የእጅ ብሌንደር ይበቃል (ይህን በመጻፋችን የሽያጭ ክፍላችን ደስ አላለውም)። ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጋችሁ አስገቡ፣ ሥሩ የተያዘው አየር ይውጣ፣ ሙሉ በሙሉ ከጠለቀ በኋላ ብቻ አስነሱት። እየሠራ ወደ ላይ ከሳባችሁት አየር ይጠጣል። አየር የጠጣ ክሬም ሲሞላ ያብጣል፣ ቆይቶ ይወርድና ደንበኛችሁ ማሰሮው ጎደለ ይላችኋል። መወፈር ሲጀምር ብሌንደሩን አጥፉና እስኪቀዘቅዝ በማማሰያ ቀስ እያላችሁ አዙሩት።

ወደ 10 ኪሎ ስታድጉ ነገሩ ይለወጣል። ከ500 ግራም ወደ 10 ኪሎ ስትሄዱ ይዘቱ 20 እጥፍ ያድጋል፤ ዕቃው ቅርጹን ሳይቀይር ቢተልቅ ግን ሙቀት የሚያስወጣው ገጹ የሚያድገው ወደ 7 እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ክሬሙ ሳይቀዘቅዝ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ትንሹ ባች ላይ ያማረው ፎርሙላ ትልቁ ላይ የሚያስቸግረውም አንዱ በዚህ ነው። በእኛ እምነት የትልቅ ማሽን የመጀመሪያ ጥያቄ ፍጥነቱ ሳይሆን በምን ይቀዘቅዛል የሚለው ነው። ግድግዳው ድርብ ሆኖ መሃሉ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያልፍበት፣ ጠርዙን እየጠረገ ቀስ ብሎ የሚዞር መቅዘፊያ ያለው ዕቃ፣ ጉልበት ብቻ ካለው ይሻላል።

አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። «ቫይታሚን ኢ ስለጨመርኩ ፕሪዘርቫቲቭ አያስፈልገኝም» የምትሉ አላችሁ። ቫይታሚን ኢ ዘይቱ ቶሎ እንዳይሸት ያግዛል እንጂ ባክቴሪያም ሻጋታም አይከላከልም። ውሃ፣ የጽጌረዳ ውሃ ወይም የእሬት ጭማቂ ያለበት ምርት ሁሉ ፕሪዘርቫቲቭ ይፈልጋል፣ ተፈጥሯዊ መሆኑ አያድነውም። ውሃ የሌለው ቅባት ሌላ ነገር ነው፣ እርጥብ እጅ ካልገባበት። ብዙዎቹ ፕሪዘርቫቲቮች ሙቀት ስለማይወዱ ክሬሙ ከ40 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ ይጨመራሉ፤ የሻጩን ወረቀት አንብቡ። ቤንዞኤትና ሶርቤት የሚባሉትን ፕሪዘርቫቲቮች የምትጠቀሙ ደግሞ ፒኤቹን (የአሲድነቱን ልክ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይጨምራል) ለኩ። 7 አካባቢ ከሆነ ጨመራችሁም አልጨመራችሁም ያው ነው፣ ወደ 5 ማውረድ አለባችሁ።

ይህን ሁሉ አይታችሁ ማሽኑን አሁንም ከፈለጋችሁ፣ ጥያቄያችሁ ላይ በአንድ ጊዜ ስንት ኪሎ እንደምትሠሩ፣ ክሬሙ የሚፈስ ነው ወይስ በማንኪያ የሚዛቅ፣ ኢመልሲፋየሩ ስንት በመቶ እንደሆነና አሁን በምን እንደምታቀዘቅዙ ጻፉልን። ፎርሙላውን ሙሉውን አትላኩ፣ እሱ የናንተ ነው። ብሌንደሩ ገና ይበቃችኋል ካልንም አትቀየሙን።

ከሰላምታ ጋር
የማደባለቂያ ክፍል ባልደረቦች