ዛፉን አያስቆርጡት

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ የተነጋገርናቸው ሁለት ነገሮች ከልቤ አልወጡም። አንደኛው የጓሮውን የፖም ዛፍ ሊያስቆርጡት ማሰብዎ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የልጅ ልጅዎ ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ ግብርናና የአትክልት ልማት እማራለሁ ስትልዎት፣ «አፈር መቆፈር ትምህርት ቤት አያስኬድም» ያሏት ነው። ስልኩን ስትመልስልኝ ቅስሟ ተሰብሮ ነበር። ያኔውኑ ልመልስልዎት አልፈለግሁም፤ በቃል ስንነጋገር እርስዎም እኔም ቶሎ እንቆጣለን። ስለዚህ ልጻፍ አልሁ።

ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ ለእኔም «የቆፈርሁት አንተ እንዳትቆፍር ነው» ብለውኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያኔ ግብርናን ወድጄ አልመረጥሁትም፤ የፈለግሁት ክፍል ሞልቶ ነው የገባሁበት። በመጀመሪያው ወር ያፈላሁት የቲማቲም ችግኝ አንድ ሳይቀር አለቀ። ዘሩን አጠጋግቼ ዘራሁ፤ ጠዋትም ማታም አጠጣሁ፤ ችግኞቹም ልክ ከአፈሩ በላይ ወገባቸው ቀጥኖ ተራ በተራ ተኙ። አፈሩ እርጥበት ሲበዛበትና ችግኙ ሲተፋፈግ ሥር የሚያበሰብሱ ሻጋታዎች እንደሚነግሡ መምህራችን አስረዱንና፣ «አፈሩን በጣትህ ሳትነካ ውኃ አታንሣ» አሉኝ። ይህንን ምክር ከልጅነቴ ጀምሮ ከእርስዎ ሰምቼዋለሁ። አለመከተሉ ማርክ የሚያስቀንስ መሆኑን እስካይ ድረስ ግን ምክር አልመሰለኝም ነበር።

አንድ ነገር ሳልነግርዎት ብዙ ዓመት አለፈ። አንድ ቀን መምህራችን ከሠርቶ ማሳያው ማሳ አንድ የባቄላ ተክል ከነሥሩ ነቅለው አመጡ። ሥሩ ላይ የስንዴ ቅንጣት የሚያካክሉ እባጮች ነበሩበት። አንዱን በምላጭ ሲሰነጥቁት ውስጡ ሥጋ ይመስል ቀላ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ለካ ቀለሙ የሚመጣው ብረት ካለበት፣ ከደማችን ቀይ ንጥረ ነገር ጋር ከሚዛመድ ፕሮቲን ነው። በእባጩ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች አየር ላይ ያለውን ናይትሮጅን ተክሉ ሊመገበው ወደሚችለው መልክ ይለውጡለታል፤ ተክሉ በበኩሉ ስኳር ይመግባቸዋል። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ሆኖ ሳለ ስንዴ ከዚያ ሁሉ አንዲት ቅንጣት እንኳ በራሱ መውሰድ አይችልም። ባቄላ በነበረበት መሬት ላይ በቀጣዩ ዓመት የሚዘራ ስንዴ ግን፣ የባቄላው ሥርና ገለባ ሲበሰብስ የሚተወውን ያገኛል።

እርስዎ ደግሞ ይህን ሁሉ ሳይሰሙ ሁልጊዜ ስንዴን ባቄላ ላይ ያፈራርቁ ነበር። ያን ቀን እየሮጥሁ መጥቼ «አባባ፣ ልክ ነዎት፤ ምክንያቱን ዛሬ አየሁት» ልልዎት ይገባ ነበር። እኔ ግን እራት ላይ ገለባ ማቃጠልዎን አንሥቼ፣ ናይትሮጅኑን ወደ ጭስ ይቀይሩታል ብዬ በሰው ፊት ተቸሁዎት። የተናገርሁት ሐሰት አልነበረም። አነጋገሬ ግን አሁን ድረስ ያሳፍረኛል። ትምህርቱን የጠሉት ከዚያች ማታ ጀምሮ ይሁን እያልሁ አንዳንዴ አስባለሁ።

እርግጥ ነው፣ ገበሬ አልሆንሁም፤ የሒሳብ መዝገብ ነው የምይዘው። ታዲያ ምን ጠቀመህ ይሉ ይሆናል። 100 ዘር በእርጥብ ወረቀት ጠቅልዬ ስንቱ እንደበቀለ ስቆጥርና 72 ብቻ ሲሆን ምን ያህል ዘር መጨመር እንዳለብኝ ሳሰላ ነው በመቶኛ ምን እንደሆነ የገባኝ። የአፈር ኮምጣጣነት መለኪያ በአንድ ቁጥር ሲለወጥ ኮምጣጣነቱ ዐሥር እጥፍ ተለወጠ ማለት መሆኑንም ሎጋሪዝም ከሚለው ርዕስ በፊት ከማሳው ተማርሁት። እርስዎ ልጅቷ ሐኪም እንድትሆን እንደሚመኙ አውቃለሁ። ሐኪሞች ስለ ዘር ውርስ የሚማሩት ነገር የተጀመረው ግን አተር መደብ ላይ ነው፤ ግሪጎር ሜንዴል የተባለ መነኩሴ በገዳሙ ግቢ የአተር ዝርያዎችን አዳቅሎ ከሁለተኛው ትውልድ 7,324 ፍሬ ቢቆጥር 5,474ቱ ክብ፣ 1,850ው ጭምድድ ያሉ ሆነው አገኛቸው፤ ሦስት ለአንድ መሆኑ ነው። ጽሑፉ በ1866 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ታትሞ እስከ 1900 ድረስ ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። የመነኩሴውም አለቆች «አፈር መቆፈር» ብለውት ይሆን እያልሁ ስቄአለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

በአንድ ነገር ግን ከእርስዎ ጋር ነኝ። ግብርናን በጥቁር ሰሌዳ ብቻ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከሆነ አትገባም። ውጤት ያነሰውን ተማሪ ሁሉ የሚያጉሩበት ክፍል ከሆነም እንዲሁ። መደብ፣ የችግኝ ጥላ፣ የኮምፖስት ጉድጓድ፣ እጁ የቆሸሸ መምህር እንዳለ ሄጄ አያለሁ።

አሁን ወደ ዛፉ ልመለስ። በጣም የጣፈጠዎትን የፖም ፍሬ ዘር አስቀርተው የተከሉት እርስዎ ነዎት፤ ዓመታት ጠብቀው ያገኙት ግን ትንሽ፣ ኮምጣጣ ፍሬ ነበር። መሬቱን ሲወቅሱ ኖሩ። መሬቱ ምንም አላጠፋም፤ ፖም ከሌላ ዛፍ ብናኝ ስለሚዳቀል ዘሩ እናቱን አይመስልም። የተፈለገውን ዓይነት የሚያወጣው የዚያው ዛፍ ቀንበጥ በሌላ ግንድ ላይ ሲጣበቅ ነው፤ ግራፍቲንግ የሚሉት ይህ ነው። ከትምህርት ቤት አምስት ቀንበጥ አመጣሁ። በቀንበጡና በግንዱ ልጣጭ ሥር ያለችውን ቀጭን አረንጓዴ ሽፋን አገናኝቼ አሰርሁ። ሦስቱ ደረቁ፤ ሁለቱ ያዙ። እርስዎ ምንም አላሉም። መሰላሉን ግን ይዘውልኛል፤ ቢላዋዬንም የሳሉልኝ እርስዎ ነበሩ።

ዛሬ በጣም ስለረዘመና ፍሬው ስለማይደረስበት ነው የሚያስቆርጡት። ፍሬው መሬት ላይ ቆመው እንዲደርሱበት ማድረግ ይቻላል፤ ሦስት ዓመት ያስፈልገዋል እንጂ። ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ባረፈበት ጊዜ በየዓመቱ ከሚቀነሰው ሲሶውን ብቻ እናንሣ። ባንድ ጊዜ ከተመለመለ ፍሬ የማይሰጡ፣ ቀጥ ብለው የሚወጡ ቀንበጦች ይወሩታል። መጀመሪያ የደረቀውና የተሻሸው ይወጣል፤ ቀጥሎ ከረጃጅሞቹ አንዱ፣ ዝቅ ብሎ እስካለው የጎን ቅርንጫፍ ድረስ። ከባዱን ቅርንጫፍ ከታች ትንሽ ሳይገዘግዙት ከላይ አያስጀምሩ፤ ልጣጩን ይዞ ይወርዳል። በቅርንጫፉ ሥር ያለው ቀለበት መሳይ እብጠት አይነካ፤ ቁስሉን የሚሸፍነው እርሱ ነው። ያን የሬንጅ ቅብ ደግሞ ይተዉት። ዛፍ ቁስሉን በራሱ አጥሮ ይለየዋል፤ ቅቡ እርጥበት ያፍንበታል እንጂ አይጠቅመውም። ይህንንም ቢሆን የተማርሁት ሁለታችንም ስንቀባ ከኖርን በኋላ ነው።

ልጅቷ ለዕረፍት ስትመጣ መጋዙን እርሷ ትይዛለች፤ እርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጠው የትኛው ይቆረጥ የትኛው ይቅር ይበሏት። ያኔ ተጣብቀው ከያዙት ከሁለቱ ቅርንጫፎች ላይ እርሳስ የሚያካክሉ የአንድ ዓመት ቀንበጦች ይተዉላት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ትወስዳቸዋለች። ቢላዋው መሳቢያው ውስጥ መሆን አለበት። አይሳሉት፤ መሳል ያስተምሯት።

ልጅዎ