የብር ማንኪያ ስትመርጡ መጀመሪያ ገበታችሁን አስቡ

ለዝግጅት ክፍሉ፤

እንዴት ከረማችሁ? የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። የጥር ሰርግ ሲቃረብ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን «ለሙሽሮቹ የብር ማንኪያና ሹካ እንላክ፣ ዲዛይኑን ግን እናንተ ምረጡ» እያሉ ፎቶ በስልክ ይልካሉ። ቤተሰቡ ስልኩን እየተቀባበለ ያይና ጌጡ የበዛውን ይመርጣል። ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት ዕቃ በፎቶ ብቻ ሲመረጥ ያናድደኛል።

ከዲዛይኑ በፊት መጠየቅ ያለበት ማን ይበላበታል የሚለው ነው። ያለነው ወሎ ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ፤ ስንደግስ ለሁለቱም ለየብቻ ይታረዳል። በእስልምና ደግሞ በወርቅና በብር ዕቃ መብላትና መጠጣት ክልክል ነው። ታዲያ ለሙስሊም ሙሽሮች የብር ማንኪያ መላክ ምን ይባላል? ለእነሱ ከበድ ያለ ጥሩ ስቴንለስ ግዙላቸው። ሙሽሮቹ ክርስቲያን ሆነው የሙሽራዋ አጎት ሐጂ ከሆኑም ለእሳቸው የሚቀርብ ሌላ ማንኪያ አብሮ ይታሰብ። ንጉሥ ሚካኤል በአይጠየፍ አዳራሽ ግብር ባበሉባት ከተማ፣ እንግዳው የማይነካውን ዕቃ ፊቱ መደርደር ነውር ነው።

ከዚያ ምግቡ ይታሰብ። ብርን የሚያጠቁረው ድኝ ነው፤ እንቁላል ውስጥ አለ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውስጥም አለ። የዶሮ ወጥ ማውጫ ጭልፋ ከብር ይሁን የምትሉ ካላችሁ እባካችሁ ተዉት። ጨውም ብርን ይበላል፣ ስለዚህ ማንኪያው ጨው ዕቃ ውስጥ ተሰክቶ አይደር። እንጀራ የምንበላው በእጃችን ስለሆነ የአሥራ ሁለት ሰው ሙሉ ሹካና ቢላ ብዙ ቤት ውስጥ ቡፌ ማድመቂያ ሆኖ ይቀራል። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የሻይ ማንኪያ ይገዛ እላለሁ፤ ቡና በተፈላ ቁጥር ይወጣል፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይወጣል። በየቀኑ የሚሠራበትና የሚታጠብ ብር ደግሞ ቡፌ ውስጥ ከተቆለፈው ይልቅ ወዙን ይጠብቃል።

አሁን ወደ ዲዛይኑ። አሜሪካ ውስጥ ዋላስ የሚባለው ድርጅት በ1941 (በፈረንጆቹ) ያወጣው ግራንድ ባሮክ የሚባል ዲዛይን አለ፤ እጀታው በአበባና በቅጠል የተሞላ ነው። ፎቶ ላይ ያምራል፣ አልዋሽም፣ ጭረትም ቶሎ አይታይበትም። ግን በዚያ ሁሉ ቅርጻ ቅርጽ መሀል ቅባትና በርበሬ ሲገባ ማን ተቀምጦ ያጸዳዋል? ጎርሃም የሚባለው ሌላ ድርጅት ያወጣው ቻንቲሊ የሚባል ዲዛይን ግን ከ1895 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ የሚታወቅ፣ እጀታው ለስለስ ያለና ጫፉ ላይ ብቻ ጌጥ ያለው ነው። ለእኛ ቤት እንዲህ ያለው ይሻላል። ዕድሜ ያለውና በብዛት የተሸጠ ዲዛይን ሌላም ጥቅም አለው፤ አንድ ማንኪያ ቢጠፋ ወይም ከዓመታት በኋላ መጨመር ቢፈለግ አምሳያው አይጠፋም። የሚልከው ዘመድም ከመክፈሉ በፊት ሱቅ ሄዶ አንዱን በእጁ ይያዘው፤ ሚዛኑንና አፍ ላይ ያለውን ስሜት ፎቶ አይነግረውም።

ስለ ጥራቱም ልናገር። ስተርሊንግ የሚባለው ከ1000 እጅ 925ቱ ብር የሆነ ነው፤ የቀረው አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው። አያቶቻችን አንገት ላይ ያለው ማርትሬዛ እንኳ ከ1000 እጅ 833 ገደማ ነው። ስለዚህ ጀርባው ላይ 925 ወይም ስተርሊንግ የሚል ማህተም ይፈለግ፤ የእንግሊዝ ከሆነ የሚራመድ አንበሳ ይኖረዋል። ኢፒኤንኤስ የሚሉ አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት ካሉበት ግን በብር የተለበጠ ነው፣ ውስጡ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው። ማግኔት ካልሳበው ብር ነው የሚሉ ሰዎችም አሉ፤ ጥሩ ስቴንለስንም ብዙ ጊዜ ማግኔት ስለማይስበው በዚህ ብቻ አትተማመኑ። የቢላው ስለት ስቴንለስ ሆኖ ቢገኝ ደግሞ ተታለልን አትበሉ፣ ብር ለስላሳ ስለሆነ ነው እንደዚያ የሚሠራው። የብዙዎቹ ቢላዎች እጀታ ውስጡ ባዶ ተደርጎ በማጣበቂያ የተሞላ ስለሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አትተዉት።

በሽቦና በአመድ መፈተግ ይቅር። በላስቲክ አስሮ ማስቀመጥም ይቅር፣ ላስቲክ ራሱ ድኝ አለበት። በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉት።

በደሴም በኮምቦልቻም የቤት ዕቃ የምትሸጡ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ አንድ ልመና አለኝ። ነጭና የሚያብለጨልጭ ሁሉ «ብር ነው» እየተባለ አይሸጥ። የተለበጠውን የተለበጠ ነው በሉን፣ ስቴንለሱንም ስቴንለስ። ሁሉም በየዋጋው ገዢ አለው።

አክባሪያችሁ
ከደሴ፣ ፒያሳ